ገጽ 213፣ መስመር 6

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን
ከእርማት ክፍሉ፣ ከምታውቀው ጠረጴዛ

ለጓደኛዬ፣ ለደራሲው፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ እንዴት ሆነችልህ? ስድስተኛ ወሯን ያዘች ብለህ ከጻፍክልኝ ወር ሊሞላ ነው፤ ሰባተኛው ገብቷል ማለት ነው። ስትቀመጥ እግሯን ከፍ ታድርግ፣ ከተንጠለጠለ ያብጥባታል ብላሃለች እማዬ። እኛ ደህና ነን። የእርማት ክፍሉ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። አንተ ትቀመጥበት የነበረው የወረቀት ጥቅል ተነስቶ በቦታው ባልዲ ተቀምጧል፤ ወንበርህን ባልዲ ወረሰው። ሥራ አስኪያጃችን «ቶሎ በሉ» እንደ ስሙ ነው፤ ገና ያልሰጠንን ሥራ አልቋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እማዬ የቀኝ ዓይኗን ሞራ ተገፍፋ በፋሻ ታስራለች። ግራው ድሮም ብዙ አያይላትም፤ ስለዚህ ለሦስት ሳምንት የቤታችን ዓይን እኔ ነኝ። ይህን ያነሳሁት እንዲሁ ለወሬ አይደለም፤ ኋላ ትደርስበታለህ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። «ሁለት ሰው ለአንድ ጃንጥላ» ተሸጦ አልቋል። መጽሐፍ መደብሮቹ ጋ አንድ ቅጂ የለም፣ እኛ መጋዘን ውስጥም የለም። ሁለተኛው እትም የፊታችን ሰኞ ማሽን ላይ ይወጣል። መጨረሻው ላይ ተቆርጣ የምትላክ የአስተያየት ወረቀት እናስገባ ስልህ «ለኔ ብሎ ማን መቀስ ያነሳል?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር አይደል? ይኸው ስድሳ ሰባት ሰው መቀስ አንስቷል። አንዷ መቀስ ብታጣ በጥርሷ የቀደደችው ነው የሚመስለው። ሁሉንም በሌላ ጥቅል ልኬልሃለሁ፤ ጥቂቶቹን ግን ራሴ ልንገርህ፣ ማንበብ ስትጀምር ከየትኛው እንደምትነሳ እንድታውቅ።

በደብዳቤህ «የሰው ሁሉ አስተያየት ይድረሰኝ፤ ያንቺን ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም» ብለሃል። እሱንም እደርስበታለሁ። በቅድሚያ የሌሎቹን።

አንዲት የጥርስ ሐኪም መጽሐፉን ሕመምተኞች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል አስቀምጣዋለች። ማደንዘዣ ተወግተው፣ ግማሽ አፋቸው ደንዝዞ፣ በቀረው ግማሽ ይስቃሉ ትላለች። አንዱማ ተራህ ደርሷል ሲባል «እቺን ምዕራፍ ልጨርስና፤ ጥርሱ የትም አይሄድብኝም» አላት አሉ። አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ደግሞ መጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ እያነበበ ነው የጨረሰው። «እኔ በአንዲት መስታወት ሃምሳ ሰው አያለሁ» ብሏል፤ «ይቺ ሚጢጢ የምትባል ልጅ ሃያ አምስት ዓመት አጠገቧ የተቀመጠውን አንድ ሰው እንዴት አላየችም?»

ሁለት እህትማማቾች በአንድ ወረቀት ላይ ተጣልተዋል። ታላቅየዋ በጣም ወደድኩት ብላ ስትጽፍ ታናሽየዋ ከሥር ትቀጥልና እሷ እንኳን ይህን የባሏንም ደብዳቤ የወደደች ናት ትላታለች። ቀሪው ጠብ ስለ ባልየው ነው፤ መጽሐፍህን ረስተውታል። አንድ ሰውዬ ደግሞ «ቀላል መጽሐፍ ነው፤ ሳነብ ሳቅሁ እንጂ ሲያልቅ በእጄ የቀረ ነገር የለም» ብሎሃል። አትቀየመው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሚስቴ ወስዳ ለእህቷ ሰጥታብኛለች፤ ሌላ ቅጂ ከየት አገኛለሁ?» ብሎ ጽፏል።

አንዲት ሴት አለች፣ ሥራዋንም ዕድሜዋንም አልጻፈችም። «እኔም እንዲህ ያለ ጓደኛ አለኝ። መጽሐፉን ገዝቼ ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ጥሩ ነው ብሎ መለሰልኝ» ነው ያለችው፣ ሌላ ምንም የላትም። ይቺን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ለማሰር ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ መልሼ አስቀምጫታለሁ።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ እስክሪብቶ ይዘው ቆጥረዋል። ረጅሙ የምትለው ባለታሪክህ እንደሚወዳት ለሚጢጢ አሥራ አራት ጊዜ ምልክት ሰጥቷታል ይላሉ፤ የየገጹን ቁጥር ዘርዝረውልሃል። «ማንም ጤነኛ ሰው በሦስተኛው ይገባዋል። በአራተኛው ያልገባው ተማሪ ክፍል ይደግማል። ይቺ ልጅ ግን በአሥራ አራተኛውም አልነቃችም፤ ስለዚህ ታሪኩ ያስቃል እንጂ አይታመንም።» እንዲህ የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከስድሳ ሰባቱ አርባ አንዱ ሚጢጢን ይወቅሷታል። ድንጋይ ያላት አለ። ዕውር ያላት አለ። አንዷ «እንዲህ ያለች ሴት በዓለም ላይ የለችም፤ ደራሲው ሊያስቀን ሲል የፈጠራት ናት» ብላ ደምድማዋለች።

መጀመሪያ ከእነሱ ጋር አብሬ ስቄባት ነበር። ቶሎ በሉ ለሁለተኛው እትም የጀርባ ሽፋን አጭር ማስተዋወቂያ ጻፊ ሲለኝም ከአስተያየቶቹ ለቃቅሜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የማይነጣጠሉ ሁለት ጓደኛሞች። እሷ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለያለች፤ እሱ እንደሚወዳት ሊነግራት ሲሞክር ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ የገዛ ደብዳቤውን እሷ ከምትለየው ክምር ውስጥ ሰንቅሮ በር ላይ ይጠብቃታል። ከሳቅ ብዛት ጎንዎን የሚይዙበት ታሪክ።» አሁን ሳየው እጄ እንዴት እንዳላፈረ ይገርመኛል።

ከዚያ የሰዓት ጠጋኙ ወረቀት መጣ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ነው። ሽማግሌ መሰሉኝ፤ ጽሕፈታቸው ደቃቅና ጥንቁቅ ነው። መጽሐፉን ከወደዱ በኋላ እንዲህ ይላሉ፦ «ገጽ 213፣ መስመር 6 ላይ ‹ቁንጫ› የሚል ስም አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቁንጫ የምትባል ሰው የለችም፤ ሁለቴ ፈትሻለሁ። ሰዓት ፈትቼ አንዲት ትርፍ የመዘውር ጥርስ ካገኘሁ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሠራው ሰው ተሳስቷል፣ ወይ ጥርሷ ከሌላ ሰዓት የመጣች ናት። ይቺ ስም ከሌላ ሰዓት የመጣች ትመስለኛለች። አራሚው ይመልከታት።»

አራሚው እኔ ነኝ። ቁንጫም እኔ ነኝ፤ ከአንተ በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በምድር ላይ የለም። ሁለተኛ ክፍል፣ ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር ስዘል አይተህ ያወጣህልኝ ስም ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ የሥራ ኀፍረት ብቻ ነበር። ብድግ ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩና የዚያን ጊዜውን የማረሚያ ቅጂ አወጣሁ። ነገሩን አስታውሼዋለሁ። ረጅሙ ለሚጢጢ በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ሚጢጢ በማለት ፈንታ ቁንጫ ብለህ ነበር። አራት ቦታ በቀይ ሰርዤ ሚጢጢ ብዬ አርሜያለሁ። አምስተኛዋ አምልጣኛለች። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ላይ ያለችው ናት፤ እኔ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ስለማነብ መጀመሪያ የደረስኩት እሷ ጋ ነበር። ለምን እንዳለፍኳት አሁን ይገባኛል። አንተ በዚህ ስም ስትጠራኝ ስለኖርኩ ዓይኔ ላይ እንግዳ አልሆነችም። አራተኛዋ ላይ ነው የነቃሁት።

እኔ እንዴት እንደማርም ታውቃለህ። ለአዳዲሶቹም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ታሪክ አራሚን ያዘናጋል፤ የሚያስቅ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ከመጨረሻው ገጽ እጀምራለሁ፣ ማስመሪያዬን ከታችኛው መስመር ሥር አደርጋለሁ፣ መስመር በመስመር ወደ ላይ እወጣለሁ። ቃሉን እንጂ ነገሩን አላይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርቼ ስህተት በዛብኝ ብሎ የተመለሰ ደራሲ የለም። ያንተንም ያረምኩት ከሰርጋቸው ጀምሬ ወደ ትውውቃቸው ነው። ታትሞ ሲወጣም አላነበብኩትም። አራሚ የታተመ መጽሐፍ አይከፍትም፤ ከከፈተ ቀድሞ የሚያየው ያመለጠውን ነው። ስለዚህ መጽሐፍህን ፊደል በፊደል አውቀዋለሁ፣ ታሪኩን ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ አላውቀውም ነበር። ይህን ስነግርህ እንደምታዝን አውቃለሁ።

ለሁለተኛው እትም ዳግመኛ መፈተሽ ስለነበረብኝ የድሮውን ቅጂ ቤት ይዤው ሄድኩ። እማዬ ሬዲዮ ሰልችቷት «አንድ ነገር አንብቢልኝ፣ ይሄ ፋሻ ሊያሳብደኝ ነው» ስትለኝ ከረመች። እንግዲያውስ ሁለቱንም ሥራ ባንዴ ልሥራው አልኩ። ለሰው ጮክ ብሎ ሲነበብ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አይሆንም። እንዲህ ሆነና መጽሐፍህን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት።

እማዬ እንዴት እንደሳቀች ብታያት። የጃንጥላው ምዕራፍ ላይ ዓይኗን እንዳትጎዳ ፈርቼ ማንበቤን አቁሜያለሁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሦስት ቦታ ድምፅ አውጥቼ። ረጅሙ ሚጢጢን በየቀኑ እስከ ደጃፏ የሚሸኝበት ቦታ ስንደርስ ግን እማዬ ጠየቀችኝ።

«የዚህ ልጅ ቤት በየት በኩል ነው?»

«በተቃራኒው ነው እማዬ። ቀልዱ እሱ ነው እኮ።»

«እንደዚያኛው ጓደኛሽ» አለች። «የአባቱ ቤት ከወንዙ ማዶ ነበር፤ በእኛ በር ሲያልፍ ነው የኖረው። አንድ ቀን ሌላ ነገር ፈልጎ ነው ብዬሽ፣ መንገዱ ነው አልሽኝ።»

እንዳለችው ነው፤ መንገዱ ነው ብያታለሁ። አንተ መንገዴ ነው ስላልከኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ለእኔ የተባለ አይመስለኝም ነበር።

የረጅሙ ደብዳቤ የሚጀምርበት ገጽ 211 ላይ የደረስነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የማረሚያው ቅጂ ላይ ያንተ ፊደል ከታች፣ የእኔ ቀይ ከላይ ነው። እማዬ በትክክል የጻፈውን አንብቢልኝ ስላለችኝ ቀዩን እየዘለልኩ ያንተን አነበብኩላት። ራስህ የጻፍከውን ለራስህ መጻፍ ቂልነት ነው። ግን እኔ አሁን ገና ያነበብኩት ስለሆነ ልጻፈው።

«ቁንጫ፤ ይህን ደብዳቤ ከማንም በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ። በአፌ ልንገርሽ ብል ሳልጨርስ ታስቂኛለሽ፤ ለዚህ ነው ሥራሽ ላይ ጠብቄ የያዝኩሽ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ መንገዴ በእናንተ በር ነው እያልኩ አብሬሽ ሄጃለሁ። ቁንጫ፣ መንገዴ በእናንተ በር ሆኖ አያውቅም። ጃንጥላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ያንቺን የተጠለልኩበትን ቀን ልቁጠር ብል ክረምቱ ያልቅብኛል። ቁንጫ፣ ጓደኝነቱ ሰልችቶኝ አይደለም፤ ጓደኝነቱ ቤት እንዲኖረው ፈልጌ ነው። ቁንጫ፣ እሺ ካልሽኝ ዛሬ ከሥራ ስትወጪ በር ላይ ታገኚኛለሽ፤ ጃንጥላሽን ይዘሽ ነይ። እምቢ ካልሽኝ ደግሞ ምንም አትበይኝ። እንደ ድሮው ቀልደሽብኝ እለፊው፣ ይገባኛል። መልስሽ ምንም ይሁን ምን፣ ለእኔ ያው ቁንጫ ነሽ።»

እማዬ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ስጨርስ ውሃ ጠጪ አለችኝ፤ ጠጣሁ።

«እንዲህ ብሎ የሚጠራሽ እሱ አይደል?»

«እሱ ነው።»

«እና ምን አልሽው?»

«አስተካከልኩት።»

«ምኑን?»

«ስሙን። የተሳሳተ መስሎኝ ሰረዝኩና ሚጢጢ አልኩት።»

እማዬ እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገችው። ጉንጬን ስታገኘው እርጥብ ነበር። «ልጄ» አለችኝ፣ «ዓይኗ የታሰረባት እኮ እኔ ነኝ።»

እንዳትቀየማት። ስትናገር ሳቅ ነገር ነበራት፣ ከዚያ ግን እሷም አለቀሰች። ሐኪሙ ማልቀስ ክልክል ነው ስላላት እኔን ተቆጣችኝ።

አሁን ደግሞ እስካሁን ያላነሳሁልህን ልንገርህ። ገጽ 211 ዳር ላይ በቀይ የጻፍኩልህ ማስታወሻ አለ። አንተ ታስታውሰዋለህ፤ እኔ ረስቼው ነበር። «ደራሲው፣ እጅህ ለምዶብህ እኔን መጽሐፍ ውስጥ ከተኸኛል። አስወጥቼ ሚጢጢን በቦታዋ መልሻታለሁ። ሌላ ጊዜ እንቅልፍህን ጠግበህ ጻፍ» ይላል። እንደ ድሮው ቀልደሽብኝ እለፊው ብለኸኝ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ። ሌላ ሰው በዚህ ዓይነት መልስ ይሰጣል? አንድም ቃል ሳላነብ ያዘዝከኝን ሁሉ ፈጸምኩ።

ያን ቀን ቅጂውን ልታይ መጥተህ ጥቅሉ ላይ ተቀመጥክ። ዝናብ ነበር። «ሳቅሽ?» አልከኝ። «ሥራ ላይ አልስቅም» አልኩህ። «አንብበሽዋል ግን?» አልከኝ። «ፊደል በፊደል» አልኩህ፣ በኩራት። ቅጂውን ስትገልጥ አንድ ገጽ ላይ ቆየህ። የትኛው ገጽ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ሳቅ አልክና «እውነትሽን ነው፤ እጄ ለምዶብኝ ነው» አልከኝ። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አሁንም በር ላይ ቆመሃል። ምን ትጠብቃለህ ብልህ ዝናቡን አልከኝ። ዝናቡ እኮ ካባራ ቆይቶ ነበር። እኔም ጃንጥላዬን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው ባዶ እጄን ነበርኩ። ተመልሼ ላምጣው ብልህ «ተይው፣ አይዘንብም» አልከኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትለው የነበረውን የሩቅ አገር ሥራ ተቀበልክ። ጎበዝ ብዬ ያጨበጨብኩልህ እኔ ነኝ። መጻሕፍትህን በካርቶን ያሸግኩልህ፣ ካርቶኑ ላይ ያንተን አድራሻ አጥርቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሠርግህ የጠረጴዛ ልብስ መርጬ የላክሁትም እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ልቤን አንድ ነገር እየከበደው ነበር፤ ናፍቆት ነው እያልኩ አለፍኩት። ሰው ጓደኛው ሲርቀው ይከብደዋል፣ ምን ያስገርማል?

እማዬ ያን ማታ ራት ላይ ጠየቀችኝ። «ያኔ አንብበሽው ቢሆን ምን ትይው ነበር?» ለእሷ መልሼላታለሁ። ለአንተ ግን ሆድ ይፍጀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ ሳያንስ፣ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ የምጮህ ሴት መሆን አልፈልግም። ባለቤትህ ከፎቶግራፏ ስትታይ ፊቷ ደግ ነው። ለጠረጴዛ ልብሱ የጻፈችልኝ የምስጋና ደብዳቤ አንድ ስህተት የለበትም፤ አራሚ እንዲህ ያለ ነገር ያከብራል።

የቀረው የእርማት ዝርዝሩ ነበር። ለሁለተኛው እትም አሥራ ሁለት እርማት ወጥቷል፤ አሥራ አንዱ ቀላል ነው። በደብዳቤህ «ስህተት ካገኘሽ የመሰለሽን አድርጊ፣ እኔን አትጠይቂኝ» ብለኸኛል። የመሰለኝን። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ገጽ አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ እየጠበቀኝ፣ ቶሎ በሉ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ገጽ 213ን ይዤ ቀረሁ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው አምስተኛዋንም መሰረዝ ነው፤ ሌላው አራቱን ቦታ ወደ ነበሩበት መመለስ። የደራሲው ቃል ነው፤ ደራሲ የጻፈውን መመለስ የአራሚ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። ያኔ ደብዳቤህ አንተ እንደጻፍከው ይታተማል፤ ሦስት ሺህ ሰው እጅ ይገባል። ይህን አስቤዋለሁ። ዋሽቼ አላሰብኩትም አልልህም፤ እስክሪብቶዬ ገጹ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ የልጅህ ነገር ታወሰኝ። አድጎ፣ ወይ አድጋ፣ የአባቷን መጽሐፍ ታነባለች። እናቷን ትጠይቃለች። «ቁንጫ ማን ናት?»

አንድ ቃል ሰረዝኩ። ከላዩ ሚጢጢ ብዬ ጻፍኩ። «መልስሽ ምንም ይሁን ምን፣ ለእኔ ያው ሚጢጢ ነሽ።» ገጽ አቀናባሪው አንዴ ነካ አደረገውና «አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» አልኩት። ቶሎ በሉ ተመስገን ብሎ ሄደ። ለሰዓት ጠጋኙም መልስ ጽፌላቸዋለሁ፤ ስላስተዋሉ አመስግኜ፣ ጥርሷ እንዳሉት ከሌላ ሰዓት የመጣች መሆኗን፣ አሁን እንደወጣች ነግሬያቸዋለሁ። ያ ሰዓት ይሠራ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም የምመልሰው የለኝም።

የማረሚያውን ቅጂ ግን አላስወገድኩትም። ደንቡ ከሁለተኛው እትም በኋላ ይቀደዳል ይላል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከታች፣ ማስመሪያው ሥር። ይቺን አንዲት ደንብ ብጥስ ማንም አይጎዳም።

አስተያየቴን ጠይቀኸኛል፤ ይኸው። መጽሐፍህ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሲነበብ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ትንሽ ይረዝማል። የሒሳብ አስተማሪው ምልክቶቹ አሥራ አራት ናቸው ብለዋል፤ እኔ ቆጥሬ አሥራ ዘጠኝ አግኝቻለሁ፣ ምክንያቱም አምስቱን ከእኔ በቀር ማንም አያውቃቸውም። ሚጢጢን በተመለከተ አርባ አንዱም ተሳስተዋል። እንዲህ ያለች ሴት አለች። ድንጋይ አይደለችም፣ ልቧም አልጎደለም። ከታች ወደ ላይ ስታነብ ነው የኖረችው፣ ያ ብቻ ነው። መጽሐፍህ ውስጥ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ በሩ ስትሮጥ ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ የሆነ ቦታ እንኳ አንዷ ደርሳለች።

ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትህ አድራሻ ነው የምልከው፤ የአስተያየቱ ጥቅል ግን በቤትህ ይደርስሃል። ስትጨርሰው ከአስተያየቶቹ ጋር አታስቀምጠው። እንደምትመልስልኝም አትጨነቅ፤ መልስ የሚያስፈልገው ደብዳቤ አይደለም። የሚያስፈልገው ያንተ ነበር።

ልጁን በሰላም ያሳቅፋችሁ። እናቲቱን ሳይጨንቃት፣ አባትየውን ሳያርበተብተው ቀኑ ይለፍ። በልጁ ሳቅ ቤታችሁ ይሙላ፤ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፤ እርጅና ሲመጣም ሁለታችሁን አንድ ላይ ያግኛችሁ። እማዬ አሜን በይ ብላኛለች፤ አሜን ብያለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለቤትህ መጽሐፉን ጀምራ በቀን አምስት አምስት ገጽ እያነበበች ነው ብለሃል። የያዘችው የመጀመሪያውን እትም ስለሆነ ገጽ 213 ላይ መድረሷ አይቀርም። ቁንጫ ማን ናት ብላ ከጠየቀችህ አትደናገጥ። የአራሚ ስህተት ናት በላት። ውሸት አይሆንብህም።

የመጽሐፍህ አራሚ